ጭራቅ ለመዳር፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሶ መልስ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ድሬዳዋ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቅ ነው። ስለ ፎቅ የማወራው የለኝም። የሄድኩት ለሽምግልና ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ የሚያየው የሰው ደጃፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታላቅ እህቴ ልጅ ዮናስ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ መኖር ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል። አባቱ በሕይወት የለም። እዚያው ሂሩት የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ወደደ። የሂሩት አባት አቶ ተስፋዬ የወንጌላውያን ጉባኤ ሽማግሌ ናቸውና፣ «የሥጋ ዘመድ ቆሞ ሳይጠይቀኝ ልጄን ለማንም አልሰጥም» አሉ። በስልክ ቢባል እምቢ፣ በአማላጅ ቢባል እምቢ። ስለዚህ እህቴ እኔን ላከች። የመውጫ ፈቃድ ለማግኘት የተንከራተትኩትን ብጽፈው ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋልና እተወዋለሁ። ባቡር ጣቢያ ስትሸኘኝ እንባ አላየሁባትም። «እሺ ሳታሰኝ እንዳትመለስ» ብቻ አለችኝ። «ይህችን ልጅ ካጣ ሌላ አያገባም፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ።»

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል። ዕድሜዬ ያለቀው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቲኬት ቀዳጅ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ማሽኑ ላይ ሠራሁ፣ ዛሬ የአዳራሹ ኃላፊ ነኝ። ፊልም በቆርቆሮ ሣጥን ተጭኖ በባቡር ይመጣልኛል፤ አሳይቼ እመልሳለሁ። ማን እንደሚሠራው፣ እንዴት እንደሚሠራው አስቤ አላውቅም፤ ዳቦ ሻጭ ስለ ስንዴው ገበሬ እንደማያስበው ማለት ነው። ዮናስ «ፊልም ሥራ ገባሁ» ብሎ በጻፈልኝ ጊዜ ደስ አለኝ። ምን እንደሚሠራ ግን አልጻፈም ነበር።

ማክሰኞ፣ መድረሻ

በሮም በኩል ዋሽንግተን ገባን። አውሮፕላኑ ሲቆም ደረጃ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። የመጣው ግን በጎማ የሚሄድ አንድ ትልቅ ክፍል ነው፤ መጥቶ ከአውሮፕላኑ በር ጋር ገጠመ። እኔ ጣቢያው ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ሻንጣዬን በዓይኔ ስፈልግ ክፍሉ ከነሰዉ ተነሥቶ መሄድ ጀመረ። ወደቅሁ። አንዲት ነጭ አሮጊት ኮቴን ይዘው አነሡኝና እስክንደርስ ድረስ አለቀቁኝም። በእኛ አገር ቤቱ ይቆማል፣ ሰው ይሄዳል፤ እዚያ ሰዉ ቆሞ ቤቱ ይሄዳል።

ዮናስ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ በላይ ታየኝ። ከልጅነቱም ቁመተ ረጅም ነበር፤ አሁን ደግሞ ከስቶ ቁመቱ የጨመረ ይመስላል። በር በገባ ቁጥር ጎንበስ ይላል፤ በሩ ከፍ ያለ ቢሆንም ጎንበስ ይላል። ቤቱ አንድ መኝታ ክፍል ናት። አልጋውን ለእኔ ለቀቀና እግሩን በወንበር ላይ ዘርግቶ ሶፋ ላይ ተኛ። ራት ስፓጌቲ ነበር። ከድሬዳዋው ስፓጌቲ አይበልጥም፤ ይህን የምለው በአድልዎ አይደለም።

ሳህኑን ሲያነሣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ «ጋሼ፣ አባቷ ሥራዬን ከጠየቁዎት ቴክኒሺያን ነው ይበሏቸው» አለኝ።

«ነህ እንዴ?»

«ነገ ሹቲንግ አለን። ይዤዎት እሄዳለሁ፤ ያዩታል።»

ረቡዕ፣ አሌክሳንድሪያ

ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ የሄድነው ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ነው። ከኪሴ ቆሎ ሳወጣ ዮናስ እጄን ያዘኝ፤ እዚያ ባቡር ውስጥ መብላት ክልክል ነው። የእኛ ባቡር ላይ ያልበላ ሰው የታመመ ነው የሚባለው። የከፋው ግን መውጫው ላይ ነበር። ስንገባ ቲኬቷን ማሽኑ ውጦ መልሶ ሲተፋልኝ፣ ቲኬት አንዴ በር ላይ ካለፈ ሥራው አልቋል በሚለው የኖርኩበት ሕግ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥያት ነበር። ለካ መውጫውም ላይ ትጠየቃለች። ዮናስ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ቆመን ተያየን። በመስተዋት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ጥቁር ሠራተኛ ወጣ፣ አየኝ፣ ሳቀና አንድ ነገር ብሎ በጎን በኩል ያለውን በር ከፈተልኝ። ከፊልም የቃረምኳት እንግሊዝኛ ቀስ ብለው ካልተናገሩኝ አትረዳኝምና «ምን አለኝ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እንኳን ደህና መጡ ብሎዎታል» አለ ዮናስ። እንደዚያ ማለቱን እጠራጠራለሁ።

ፊልሙ የሚነሣው በሐዲድ ዳር ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። ከውጭ ሲያዩት የእኛን የምድር ባቡር ጋራዥ ይመስላል። ውስጡ ግን በእንጨትና በጀሶ የተሠራ የባቡር ዋሻ አለ፤ ያ ስንመጣበት የነበረው ዋሻ ራሱ። ፊልሙ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከሌላ ዓለም የመጣው ፍጡር በመጀመሪያው ፊልም ወንዝ ውስጥ ሞተ፤ በሁለተኛው ተነሥቶ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ፤ አሁን ደግሞ በዋሽንግተን የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ሊሞት ነው። ሥራው አልቆ ነበር። ለሙከራ ለጥቂት ሰዎች ቢያሳዩት «አሟሟቱ አላረካንም» ስላሉ፣ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው መጨረሻውን እንደገና ሊያነሡ ተሰብስበዋል። ፊልም እንደ ወጥ ተቀምሶ ጨው እንደሚጨመርበት ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሮይ የሚባል ጢሙ ላይ ሙጫ የደረቀበት ሽማግሌ ዮናስን እጁን ይዞ ወሰደው። መጀመሪያ የላስቲክ እግር አጠለቀለት፣ ቀጥሎ ደረት፣ ቀጥሎ ከጉልበት በታች የሚወርዱ ጣቶች። በመጨረሻ ጭንቅላቱን ገጥሞ ስፌቱን በሙጫ ሲዘጋው የእህቴ ልጅ ጠፋ። ከፊቴ የቆመው ዓይን የሌለው፣ ጥርሱ በሁለት ረድፍ የሆነ ነገር ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለውን ጉድ ከማሽኑ ጀርባ ሆኜ ሻይ እየጠጣሁ ሳየው የኖርኩ ሰው ነኝ።

ከዚያ ተራመደ። የአንድ ወገን እጅና እግሩን አንድ ላይ ያነሣል፣ ቀጥሎ የሌላውን፤ አንገቱ ወደፊት ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሮይ በኩራት፣ ይህን አረማመድ ከየት እንዳመጣው ማንም እንደማያውቅ፣ በምድር ላይ የሌለ አረማመድ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ አወቅሁት። ከፊራ ወደሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ጨው ጭነው የሚገቡት ግመሎች አረማመድ ነው። ልጅ ሆኖ ከኋላቸው እየተከተለ ሲያስመስል እናቱ ትቆጣው ነበር።

ያንን ልብስ ለብሶ መቀመጥ አይቻልም። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲበሉ እሱ ቆሞ ቀረ፤ ሮይ በአገጩ ቀዳዳ ጭማቂ በቱቦ እየሰጠው በካርቶን ያራግብለት ነበር። ቀርቤ ሳዳምጥ ከላስቲኩ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማል፤ ከባድ ትንፋሽ ነው። ሮይ የራሱን ሳንድዊች ከሁለት ከፍሎ ሰጠኝ። እዚህ ሥራ ዮናስ መጀመሪያ የገባው እንጨት ሊሸከም እንደነበርና፣ የቀድሞው ለባሽ ወገቡን ታሞ ሲተው ልብሱ ልክክ ያለው እሱን ብቻ እንደሆነ የነገረኝም እሱ ነው።

ስንመለስ፣ «በሐቅ የሚሠራ ሥራ ለምን ትደብቃለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አባቷን አያውቋቸውም። ቲቪ ላይ እንደዚህ ያለ ነገር ሲመጣ ኦፍ አድርገው ይጸልያሉ።»

«ሂሩትስ?»

«እሷማ ታውቃለች። ራስህ ንገራቸው ትለኛለች። እኔ ግን ፈራሁ።»

እሑድ፣ ታኮማ ፓርክ

ጉባኤው የሚሰበሰበው በአንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። ዮናስ የሰው ዓይን እንዳይጋርድ ሁልጊዜ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል። አቶ ተስፋዬ በሩ ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበሉ ነበር፤ አጠር ያሉ፣ ክራባታቸውን አጥብቀው ያሰሩ፣ ዓይናቸው የማይቸኩል ሰው ናቸው። ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ፤ ማወቃቸውን እኔም አውቃለሁ። ሽማግሌ በወጉ እስኪመጣ ድረስ ግን ነገሩ እንዳልተሰማ ነው የሚቆጠረው፤ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት አወራን።

«እንደ ድሬዳዋ ለብሰው ነዋ የመጡት!» አሉ የኮቴን ሳሳነት ዳሰስ አድርገው። የራሳቸውን ካፖርት ከመስቀያው አውርደው አለበሱኝ። እጅጌው አጠረኝ፤ ሙቀቱ ግን ደስ ይል ነበር። ሦስቴ እምቢ አልኩ። «ጌታ ይባርክዎ፣ ቤት ሌላ አለኝ» አሉኝ። የምለምነውን ሰው ካፖርት ለብሼ ወጣሁ ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ሽምግልና

ሽማግሌ ሦስት ይሆናል። ሁለተኛው አቶ ገበየሁ ናቸው፤ በልትስቪል በምትባል ከተማ የሚኖሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው የጎጃም ሰው። ሦስተኛው የእሳቸው ጓደኛ ነበር። ጠዋት ደውሎ፣ «ሺፍቴን የሚቀይረኝ አጣሁ፣ ፓርኪንጉን ጥዬ ብመጣ ፋየር ያደርጉኛል» አለ። ሁለት ሆኖ መሄድ ነውር ነው። ቀጠሮ ማፍረስ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ዮናስ ፊቱ አመድ ሆነ።

«እዚያ መጋዘን የምታውቀው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው የለም?» አሉ አቶ ገበየሁ።

ሮይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰ፤ ጢሙን ታጥቦ፣ ሱፍ ለብሶ። አቶ ገበየሁ በላዩ ላይ ጋቢ ደረቡለትና መኪና ውስጥ አስጠኑት፦ እኛ ስንቆም ቁም፣ እኛ ስንቀመጥ ተቀመጥ፣ ካልጠየቁህ አትናገር። ራሱን ነቀነቀ። ከሁላችንም እሱ ይበልጥ ሽማግሌ መሰለ።

የአቶ ተስፋዬ አፓርታማ ስንደርስ እንደ ወጉ በሩ አጠገብ ቆምን። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች ወንበር ሲያቀርቡ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን። የዮናስ የሥራ ባልደረባ ነው ብለን ላስተዋወቅነው ለሮይም አቀረቡለት፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። አቶ ተስፋዬ የራሳቸውን ካፖርት በእኔ ላይ ሲያዩ ፈገግ ሊሉ ሲሉ ተመለሱ።

ልጃችንን ልጅ ብለው እንዲቀበሉን፣ ልጅዎን እንዲሰጡን ለምነን መጥተናል አልኩ። ስለ ዘር፣ ስለ ጠባይ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ከዚያ፣ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ።

«ፊልም ሥራ ላይ ነው።»

«ፊልም ሥራ ውስጥ ምን?»

«በ... በቴክኒክ በኩል ነው» አልኩ። ሽማግሌ ሲዋሽ ምላሱ እንደሚከብድ የሰማሁት እውነት ነው።

አቶ ተስፋዬ አዩኝ። ከዚያ እንግዳው በማይገባው ቋንቋ ዝም ብሎ ቆሞ እንዳይቀር በማሰብ ይመስለኛል፣ በጨዋነት ወደ ሮይ ዞረው በእንግሊዝኛ፣ የሥራ ባልደረባው ከሆንክ አንተ ንገረኝ፣ ልጁ ምንድን ነው የሚሠራው አሉት። የፈሩት ይደርሳል። ሮይ ሲጠየቅ ተናገር ተብሏልና ደረቱን ነፋ። የሰማሁትን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ጭራቁ እሱ ነው። ብዙ ጭራቅ አልብሻለሁ፤ እንደሱ ያለ ግን አግኝቼ አላውቅም።»

አቶ ገበየሁ መሬት መሬት አዩ። ከወጥ ቤት የሂሩት ድምፅ መጣ። «ዳዲ፣ አክቲንግ ነው! ጀስት አክቲንግ!»

«አንቺ ዝም በይ» አሉ አባትየው ሳይጮኹ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ልጄን ለጭራቅ ልትለምኑ ነው ባሕር ተሻግራችሁ የመጣችሁት? ልጁ ቢደብቅ ልጅ ነው። እርስዎ ግን ሽማግሌ ነዎት።»

የማሳየው ፊልም ሁሉ ካለቀ በኋላ መብራት ይበራል፤ ሰው ከወንበሩ ይነሣል፤ የሞተው ሁሉ በሕይወት ነው፤ ይህን ነው ማለት የቻልኩት። «ሐሰት መናገሬን ይቅር ይበሉኝ። ግን ሳያዩ አይፍረዱበት» አልኩ።

አቶ ተስፋዬ፣ «ያላየሁትን ፈርጄ አላውቅም፤ በጉባኤም ይህ ሕጌ ነው» አሉ። «ፊልሙ ሲወጣ አየዋለሁ። እንደ ጠረጠርኩት ከሆነ ግን መልሳችሁን ከወዲሁ እወቁት፤ ሁለተኛ ደጄን አትርገጡ።»

ሳንቀመጥ ወጣን። እሺ ሳይባል አይበላምና ማዕዱ እንደተሸፈነ ቀረ። ወይዘሮ አስናቀች ደረጃው ላይ ደርሰውብን በፎይል የተጠቀለለ ምግብ ለሮይ ሰጡት፤ «ይኼ ምስኪን ወጋችንን አያውቅ፣ ምን አጠፋ!» እያሉ። ሮይ ሁሉ ነገር በደንብ የሄደ መስሎት መኪና ውስጥ የሁላችንንም እጅ ጨበጠ። እውነቱን የነገረው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት

የሚጻፍ ብዙ የለም። ዮናስ ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ አይበላም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይነሣል። አቶ ገበየሁ ሊያዝናኑኝ ሴቨን ኮርነርስ የሚባል ሠፈር ወሰዱኝና የቬትናሞች ሾርባ አበሉኝ፤ መልካም ሾርባ ነው፣ ማንኪያው ግን ለሕፃን መድኃኒት የሚሰጥበት ነው የሚያህለው። አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ሲኒማ ቤት በር ላይ የፊልሙን ሥዕል ሲለጥፉ አየሁ። የእኛ ልጅ ጥርስ ከሰው ክንድ ይረዝማል። ቆሜ ሳየው ለእህቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አሰብኩና አዘንኩ። ዮናስን ስደተኛ ብዬ አላዝንለትም፤ ደህና ሠርቶ ይበላል። ያዘንኩት ከሰው ፊት ጎንበስ ማለት ስለለመደ ነው።

ቅዳሜ፣ ፊልሙ የወጣ ሰሞን

ከቀትር በኋላ ባለው ትርዒት ገባን፤ አቶ ተስፋዬ፣ አቶ ገበየሁና እኔ። አቶ ተስፋዬ ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ ሲኒማ ቤት ረግጠው አያውቁም። ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድብ አውርደው ነበር። መተላለፊያው ላይ ከዘማሪዎቻቸው ሁለቱ ፈንዲሻ ይዘው ድንገት ፊት ለፊት መጡባቸው። ልጆቹ ግድግዳውን አዩ፤ እሳቸውም ጫማቸውን አዩ፤ ተላለፉ። ዮናስ በወጉ መሠረት አማቹ ሊሆኑ ከሚችሉት ሰው ጋር መቀመጥ አይችልምና ውጭ ቀረ።

አዳራሹ ከእኛው ይሰፋል፤ ወንበሩ ይመቻል፤ ድምፁ ግን ጆሮ ይበጥሳል። ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ ጥቅልል ሲቀይር አንድም ጊዜ አላቋረጠም፤ ቀናሁበት። አቶ ተስፋዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩና ከፈቱ።

ፍጡሩ መጀመሪያ ሲወጣ ሴቶች ጮኹ። አቶ ተስፋዬ ጉልበቴን ያዙ።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

ቆይቶ አንድ ዘበኛ በላ። «ይኼንንስ እሱ ነው ያደረገው?» አሉ።

«እሱ ነው። ዘበኛው ግን አልሞተም፤ መጋዘኑ ውስጥ ሳንድዊች ሲበላ አይቼዋለሁ።»

«ይኼ ሁሉ ላስቲክ ላዩ ላይ ነው? በየት ነው የሚተነፍሰው?»

«በአገጩ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለች።»

ከዚያ ወዲህ የሚበሉትን ሰዎች ጉዳይ መጠየቅ ተዉ። ፍጡሩ በወጣ ቁጥር አገጩን አገጩን ያያሉ። በጠባቡ ቧንቧ ውስጥ ሲሳብ የራሳቸውን ክራባት ፈቱት። ከደረጃ ሲወድቅ፣ «እሰይ!» የሚል ጩኸት ከኋላችን ሲነሣ፣ ዞረው የጮኸውን ገላመጡት።

መጨረሻው ያው እንደገና የተነሣው ነው። ወታደሮች ዋሻው ውስጥ ከበቡት። ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እሳት ለቀቁበት። አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናጋ፤ ድሬዳዋም እንዲሁ ነው የሚያፏጩት፤ ጭራቅ ሲሞት የማያፏጭ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። የሚቃጠለው ባዶ ልብስ እንደነበር ሮይ ነግሮኛል፤ እሱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት አቶ ተስፋዬ ብድግ አሉ። ባርኔጣቸው ወደቀ።

«ልጄን!» አሉ በሙሉ ድምፃቸው፣ በአማርኛ። «ኧረ ልጄን አቃጠሉት!»

ከፊት ያሉት ዞረው አዩን። አቶ ገበየሁ በክርናቸው ወጉኝ። እኔ ባባሁ፤ አላፍርበትም። ያን ሁሉ ዓመት ስንት ጭራቅ ሲሞት አሳይቻለሁ፤ ጭራቁን ልጄ ያለ አባት ግን አይቼ አላውቅም።

መብራቱ ሳይበራ ረድፉን እየገፉ ወጡ፤ ተከተልናቸው። ዮናስ መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው ብድግ አለና እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። አቶ ተስፋዬ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። እጁን ያዙና የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰቡት። አገላብጠው አዩት። ሁለተኛውንም አዩት። አንገቱን፣ ጆሮውን ዳሰሱ፤ ለመድረስ በእግር ጣታቸው ቆመው ነበር።

«አልነካህም?»

«አልነካኝም። ምንም አልሆንኩም።»

ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው ተቆጡት።

«ስማኝ። ከዛሬ ጀምሮ እሳት ያለበትን ሥራ እኔን ሳትጠይቅ እንዳትቀበል።»

ዮናስ እኔን አየኝ፣ አቶ ገበየሁን አየ። ቀና አለ።

«እሺ፣ አባባ» አለ።